ቁጥሩን አልፎ የማያውቀው ሰውዬ

በዚህ ዓለም ላይ ሕግ ከሚጥሰው ሰው ይልቅ ሕግ በማክበር ሰው የሚያስለቅሰው ይብሳል። የሚጥሰውን ፖሊስ ይይዘዋል፤ የሚያከብረውን ማን ይያዝልን? እናንተም ታውቁታላችሁ። ጎረቤታችሁ ነው፣ አማቻችሁ ነው፣ ወይም ዕድላችሁ እንደ መፍቱሃ ከሆነ ባላችሁ ነው። «የት ላይ ነው የተከለከለው? አሳዩኛ!» ይላል። ማን ያሳየው? ሕግ አውጪው «ይሄንንማ ጤነኛ ሰው አያደርገውም» ብሎ ሳይጽፈው የተወውን ነገር ሁሉ ለቅሞ የሚያደርግ ፍጡር ነው።

ክቡር ቃዲ ፈረጅ፣ የትሮስተሩድ ነዋሪ፣ በኦስሎ ከተማ የአሥራ ስድስት ዓመት ታክሲ ነጂ፣ የዚህ ወገን አለቃ ነው። ቃዲ ብላ የሾመችው ሚስቱ መፍቱሃ ናት፤ ሌላ ማንም አልሾመውም። የሚኖሩበት ፎቅ ደረጃ ሥር «ብስክሌት ማቆም ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ፈረጅ እዚያ አሮጌ ሶፋ አቆመ። የነዋሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር መጥታ ብትጠይቀው፣ ከልቡ መማር እንደሚፈልግ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ሶፋ ብስክሌት ነው እንዴ?» አላት። ሶፋው ሦስት ወር ቆመ። በአራተኛው ወር ወረቀቱ ተቀየረና «ብስክሌት፣ ሶፋና ማንኛውንም ዕቃ» ማለት ጀመረ። ሶፋውንስ አነሳው፤ ግን እስከ ዛሬ በዚያ ባለፈ ቁጥር ወረቀቱን የሚያየው ሕግ እንዳስወጣ ሰው ነው።

የሶፋውስ ይሁን። መፍቱሃን ያቃጠላት የመኪናው ነገር ነው።

ፈረጅ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በፍጥነት ተቀጥቶ አያውቅም። ሃምሳ በሚለው መንገድ ላይ ሃምሳ ነው፤ ሃምሳ አንድ አይልም። ይሄን ላገኘው ሁሉ ይምላል፣ እውነቱንም ነው። ችግሩ ሃምሳ ላይ የሚደርስበት አኳኋን ነው። መኪናው ኤሌክትሪክ ነው፤ ድምፅ የለው፣ ማርሽ የለው፣ «ልነሳ ነው» የሚልበት ነገር የለው። አረንጓዴው ሲበራ ፈረጅ እግሩን ያሳርፍበታል፤ የተሳፋሪው ጭንቅላት ከወንበሩ ይላተማል፣ ሆዱ መብራቱ ጋ ይቀራል። ሃምሳ ሲሞላ ግን ቁጥሩ እዚያው ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ሙሽራ የጫነ ይመስል ረጋ ብሎ ነው የሚሄደው። ተሳፋሪው ትንፋሹን ሰብስቦ ቀና ሲል፣ ፈረጅ በመስታወቱ ያየውና መዳፉን ወደ ፍጥነት መለኪያው ይዘረጋል።

«ቁጥሩን አለፍኩ? አላለፍኩም» ይላል። «ሕጉ እስከ ሃምሳ ነው የሚለው። ከዜሮ ተነስተህ በስንት ሰከንድ ትደርሳለህ አይልም። ይላል? አይልም!»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ከቫይትቬት የገበያ ማዕከል በፈረጅ መኪና የተጫነ እንቁላል ግን እግር ሳያወጣ ነው የሚያልቅለት። ከሠላሳው አሥራ አንዱ፣ አንዳንዴም አሥራ አምስቱ ቤት ሳይደርስ ይሰበራል። መፍቱሃ እንቁላል መግዛት ተወች፤ እሱ ግን ነገሩን ከመኪናው ጋር አላገናኘውም። «የዘንድሮ እንቁላል ቅርፊቱ ስስ ነው» አለ።

ደግሞ የሾርባው ጉድ አለላችሁ። ባለፈው ረመዳን ስቶቭነር፣ ጋሽ ሹዓይብ ቤት ለኢፍጣር ተጠርተው ነበር። ጋሽ ሹዓይብ ማለት ሰባ ያለፋቸው የኮምቦልቻ ሰው፣ በኦስሎ ወሎዬዎች መሃል ጠብ ሲነሳ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። መፍቱሃ ከሰዓቱን ሙሉ የደከመችበትን የአጃ ሾርባ በትልቁ ድስት፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አደረገች። «ፈረጅ፣ በአላህ ቀስ በል፤ ሾርባ ይዣለሁ» አለችው።

«አብሽሪ» አላት። «ከስልሳ አላልፍም።»

አላለፈም፤ ወላሂ አላለፈም። አረንጓዴው በራ፤ ግማሹ ሾርባ ከድስቱ ወጥቶ በአዲሱ አባያዋ ላይ ፈሰሰ። ለብ ብሎ ስለነበር ነው እንጂ ከጭኗ በታች ተቃጥላ ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው የአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው ሁዳ «ፓፓ፣ ሴርዮስት!» ብላ በኖርዌይኛ ጮኸች፤ «የምርህን ነው?» ማለቷ ነው። መፍቱሃ አፏን ከመክፈቷ በፊት ፈረጅ ወደ መለኪያው አመለከተ። አሥራ አራት ጾመኛ በዚያ ምሽት ግማሽ ግማሽ ስኒ ሾርባ ጠጣ። ለጠየቃት ሁሉ «የፈረጅ ሕግ ጠጣው» እያለች መለሰች።

ይሄ ሁሉ ይታለፍ ነበር፤ ትዳር ውስጥ ስንቱ ይታለፋል። መፍቱሃ ራሷ መንጃ ፈቃድ ባያስፈልጋት ኖሮ ይታለፍ ነበር።

መፍቱሃ የኮሙኑ፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤቱ፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኛ ናት። አቅም የሌላቸው አረጋውያን ቤት እየዞረች መድኃኒታቸውን ትሰጣለች፣ ታለብሳለች፣ ቁርስ ታቀርባለች። አራት ዓመት ሙሉ «ቪካር» ነበረች፤ ቪካር ማለት ሰው ሲጎድል ስልክ የሚደወልለት፣ ካልተደወለለት ቤቱ የሚውል ማለት ነው። ስታንቀላፋ እንኳ ስልኳን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ነው። በግንቦት ማለቂያ አለቃዋ ጠራቻትና «ቋሚ ቦታ አለ፣ ላንቺ ነው የያዝኩት። ግን መኪና መንዳት ግድ ነው። እስከ ኦገስት መጨረሻ መንጃ ፈቃድሽን አምጪ፤ ከዚያ ካለፈ ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው» አለቻት። መፍቱሃ ከቢሮው ስትወጣ እግሯ መሬት አልነካም። ከዚህ በኋላ እሷም እንደ ሰው የዓመት ዕረፍቷን ቀድማ የምታውቅ፣ ሲያማት የምትተኛ ሠራተኛ ልትሆን ነው።

የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች። አሥራ ስምንት ዓመት ከፈረጅ ጎን የተቀመጠ ሰው ቀስ ቢል ይፈረድበታል? ስልሳ በሚለው መንገድ ላይ በሠላሳ ስምንት ሄደች። አደባባዩ ጋ ስትደርስ ዘጠኝ መኪናና አንድ አውቶቡስ አሳለፈች፤ ሁሉንም በትሕትና። ፈታኙ መጨረሻ ላይ «ከኋላሽ ስንት መኪና ተሰልፎ እንደነበር አይተሻል?» አላትና ጣላት። ሰውን ያለ ምክንያት በመንገዱ ላይ ማገድም ጥፋት ነው አላት።

ፈረጅ ይሄን ሲሰማ ያዘነ ለመምሰል ሞከረ፣ አልሆነለትም። ፊቱ በርቶ «እኔው ላሠለጥንሽ!» አለ።

መኪናው ኋላ ላይ የተለማማጅ ምልክቷን፣ ቀይዋን ፊደል ለጠፈና አራት ሳምንት ሙሉ አሠለጠናት። አይ ሥልጠና! መፍቱሃ እግሯን ነካ ስታደርግ እሱ ከጎኗ ሆኖ «ርገጪው!» ይላል። «ምን ትለማመጪዋለሽ? መኪና ናት እንጂ አማትሽ አይደለችም! ርገጪው፣ ቁጥሩ ላይ ስትደርሺ ልቀቂው! ሕጉ ይሄው ነው!» በአራተኛው ሳምንት የመፍቱሃ እግር ከልቧ ቀድሞ የሚረግጥ ሆነ። ቃዲው «ማሻአላህ» አለ።

በጁላይ ሁለተኛው ፈተና መጣ። ሁሉም ነገር ደህና ሄደ፤ እስከ ቫይትቬት። እዚያ ቀይ መብራት ያዛትና ቆመች። አረንጓዴ ሲሆን እግሯ የተማረውን አደረገ። መኪናዋ ተወነጨፈች። ትንሽ ወረድ ብሎ፣ መብራት በሌለው የእግረኛ መሻገሪያ ላይ፣ አንድ አዛውንት የመደገፊያ ጋሪያቸውን ይዘው አንድ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ አሳርፈው ነበር። መኪናዋን ሲያዩ እግራቸውን መልሰው ወደ ኋላ አሉ። መፍቱሃ ቆመችላቸው፤ በደንብ ቆመች፤ ግን ሰውየው ለመሻገር ፈሩ። እጃቸውን እያወዛወዙ «ሂጂ፣ ሂጂ» አሏት። በየጠዋቱ እንደምታለብሳቸው ዓይነት ሰው ናቸው። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ ጻፈና ጣላት።

ማታ ቤት ውስጥ ፈረጅ መረመራት።

«ስንት ነበርሽ?»

«አርባ ስድስት።»

«የተፈቀደው?»

«ሃምሳ።»

«ታዲያ ምን አጠፋሽ?» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። «ይሄማ ግፍ ነው! ጠበቃ የሚያስይዝ ግፍ ነው!»

ናታሊ እዚያው ነበረች። ናታሊ የጎረቤታቸው የጸዳለ ልጅ ናት፤ እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ፣ ተምራ፣ የመኪና መንዳት አስተማሪ የሆነች፤ መፍቱሃም ፈተናውን የምትወስደው በእሷ ማሠልጠኛ መኪና ነው። ስልኳን አወጣችና «ፈረጅ፣ ስማኝ» አለች። ጋሼ የለ፣ ምን የለ፤ የዛሬ ልጅ። «የትራፊክ ሕጉ ፓራግራፍ ትሬ፣ አንቀጽ ሦስት ማለት ነው፣ ምን ይላል መሰለህ፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ለሌላው አሳቢ፣ ንቁና ጥንቁቅ ይሁን፤ አደጋ እንዳይፈጠር፣ ሌላው ሰው ያለ ምክንያት እንዳይታገድ፣ እንዳይረበሽ። ሽማግሌው ሰውዬ ተረበሹ፣ ያ፣ አይደል? በቃ። የመጀመሪያውም ፈተና በዚሁ አንቀጽ ነው የወደቀችው፤ ያኔ አገደች፣ አሁን አስፈራች።»

«ሰከንዱ የት አለ?» አለ ፈረጅ።

«ምን ሰከንድ?»

«በስንት ሰከንድ ሃምሳ ልድረስ? ቁጥሩን አንብቢልኛ።»

«ናይ፣ አይ፣ ቁጥር የለውም። ዝም ብሎ በፍጥነት መነሳት ብቻውን አልተከለከለም። ግን እንደ ቦታው፣ እንደ ሁኔታው…»

«አልተከለከለም! ሰማሽ መፍቱሃ? አስተማሪዋ ራሷ ናት ያለችው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃዲው ፈትዋ፣ የዐዋቂ ብይን፣ ልመና ወጣ። ታክሲው ውስጥ የገባ ሁሉ ተጠየቀ። አንድ ጠበቃ «የተወሰነ ቁጥር የለውም፤ ግን…» አለችው። ጡረታ የወጣ የትራፊክ ፖሊስም አጋጥሞት ነበር፤ «ቁጥር የለውም፤ ግን…» አለ። ፈረጅ «ቁጥር የለውም» የምትለዋን ተቀብሎ፣ «ግን» ስትጀመር ሒሳብ ይቀበልና በሩን ይከፍትላቸዋል። ማታ ማታ እራት ላይ የቀኑን ፈትዋ ያነብላቸዋል። ሁዳ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ መብላት ጀመረች።

አንድ ቅዳሜ መፍቱሃ ልብስ ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ሦስት ገጽ ወረቀት አገኘች። ይግባኝ ነው። በእሷ ስም ነው። «እኔ መፍቱሃ፣ በሕግ ያልተከለከለ ነገር በማድረጌ…» እያለ ይወርዳል። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

እዚህ ላይ ነው የፈነዳችው።

«አንተ ሰውዬ፣ አላህን አትፈራም? ሦስተኛው ፈተና ኦገስት ሃያ ስድስት ነው! ከወደቅኩ ሌላ አራት ሳምንት መጠበቅ አለብኝ፤ ያኔ ሥራው የለም! አንተ ሕጉ አይልም እያልክ ስትከራከር ሥራው የሚያመልጠው እኔን ነው! እኔን!» እንባዋ መጣ። «ሁለተኛ አንተ መኪና ውስጥ አልገባም። ሁለተኛ አታሠለጥነኝም።»

ፈረጅ ደነገጠ፤ ግን ቃዲነቱ አልለቀቀውም። «እኔ ልክ ካልሆንኩ ሽማግሌ ይፍረድብኝ» አለ። «አሁኑኑ ጋሽ ሹዓይብን አመጣለሁ።»

ስህተቱ እዚህች ላይ ናት። ሽማግሌ ይመጣል፣ ወይም ይኬድበታል፤ የተከሰሰ ሰው ራሱ ሄዶ አይጭነውም። ፈረጅ ግን ችኩል ነው። ቁልፉን አንጠልጥሎ ወጣ፣ ስቶቭነር ሄደ፣ ሽማግሌውን ከፊት ወንበር አስቀምጦ፣ መንገድ ላይ ካለው መብራት ሁሉ እየተወነጨፈ ይዟቸው መጣ። አስተዋላችሁ? የተከሰሰበትን ነገር ዳኛው ላይ ፈጸመው።

ጋሽ ሹዓይብ ሲገቡ ፊታቸው ዓመድ መስሏል። ሰላምታቸውን እንኳ አልጨረሱም፤ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን፣ በሌላው ኮፍያቸውን ይዘው «ውሃ» አሉ። መፍቱሃ ሮጣ አመጣችላቸው። ሁለት ብርጭቆ ጠጡ። ሁዳ ትራስ አስደገፈቻቸው። ፈረጅ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ክርክሩን ሊጀምር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዝም በል» አሉት።



«ልጄ፣ እኔ የፈረንጅ ሕግ አላውቅም» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሶላት ግዴታ ነው?»

«ግዴታ ነው።»

«ሰዓቱ ደርሶ፣ ሰው ተሰልፎ፣ አንተ ዘግይተህ ብትመጣ ሮጠህ ግባ ተባልክ?»

ፈረጅ መልሱን ያውቀዋል። «ተረጋግታችሁ ኑ ነው የተባልነው» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ተረጋግታችሁ ኑ። ለሶላት! ወደ አላህ ፊት ስትመጣ እንኳ የደረስክበትን ብቻ ሳይሆን አመጣጥህንም ትጠየቃለህ። አንተ ለቫይትቬት መብራት ምን ሆንኩ ብለህ ነው?» አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ፍርዱ ይኸውልህ። እስከ ፈተናው ድረስ ይቺን ልጅ ስለ መኪና አንዲት ቃል እንዳትናገራት። ወረቀቱን ቅደደው። እኔ ደግሞ ወደ ቤቴ በባቡር ነው የምሄደው።»

ፈረጅ ወረቀቱን ቀደደ። ሽማግሌውን እስከ ባቡር ጣቢያው በእግሩ ሸኝቷቸው ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ቤቱ ውስጥ የለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። እራት ላይ ፈትዋ የለም። መፍቱሃ ከናታሊ ጋር ተለማምዳ ስትመለስ «እንዴት ነበር?» ለማለት አፉን ይከፍትና ፍርዱ ትዝ ሲለው ውሃ ይጠጣል። መፍቱሃ ዕረፍት አገኘች፤ ይሄን ዕረፍት ለዓመታት ስትመኘው ነበር። ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ ዝምታው ትንሽ ከበዳት።

ኦገስት ሃያ ስድስት ደረሰ። መፍቱሃ ፈረጅን «እንዳትከተለኝ» ብላው በናታሊ መኪና ሄደች። አለቃዋ የምትጠብቃት እስከ ወሩ ማለቂያ ነው፤ ከዛሬ ሌላ ቀን የለም። «ያረቢ» አለችና ጀመረች። እግረኛ አሳለፈች፤ ከመብራቱ በልክ ተነሳች፣ በልክ ቆመች። አደባባዩን በሰዓቱ ገባች፣ በሰዓቱ ወጣች። ፈታኟ ዛሬ ሴት ናት፤ ወረቀቷ ላይ እምብዛም አትጽፍም።

መጨረሻ አካባቢ ፈታኟ «በቀኝ በኩል ወደ ፈጣኑ መንገድ ግቢ» አለቻት።

የመግቢያዋ መስመር አጭር ናት። መፍቱሃ በሃምሳ ገባች፤ መስታወቱን አየች። ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና በሰማንያ ይመጣል። ከፊቱ ቦታ አለ፤ ግን በሃምሳ የሚገባበት ቦታ አይደለም። ከፊቷ መስመሯ እያለቀች ነው። ብትቆም የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ ይባስ ብሎ እዚያ ቆሞ መነሻ የለም። ከዚያ ጆሮዋ ውስጥ፣ እስከ ፈተናው እንዳይናገር የተፈረደበት ሰውዬ፣ ማን እንዳስገባው እንጃ፣ «ርገጪው!» አለ።

«አንተን ብሎ ሰው» አለች በሆዷ፤ ረገጠችው።

ወንበሩ ጀርባዋን ገፋት። ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰባ ስምንት። ምልክት ሰጠች፣ በትከሻዋ ዞር ብላ አየች፣ ገባች። ሰማንያ ላይ እግሯ በራሱ ላላ አለ። ከባዱ መኪና ወደ ኋላ ርቆ፣ ፍሬን እንኳ ሳይነካ ይመጣል። ፈታኟ ጎንበስ ብላ ጻፈች። መፍቱሃ «አለቀልኝ» አለች። በዚያች ቅጽበት ቋሚ ሥራዋም፣ የዓመት ዕረፍቷም፣ ሲያማት የምትተኛው መኝታም አንድ ላይ ከእጇ ሲወጡ ታያት።

የፈተና ጣቢያው ደርሰው ሲቆሙ ፈታኟ ወረቀቷን አጠፈች። «አልፈሻል» አለቻት። መፍቱሃ አልሰማችም መሰላት፤ ደግማ ነገረቻት። «መግቢያው ላይ ያደረግሽውን ጽፌዋለሁ። ብዙ ሰው እዚያ ይፈራና ይቆማል፤ አደገኛው እሱ ነው። አንቺ ቦታ መኖሩን አየሽ፣ ፍጥነትሽን ከመንገዱ ጋር አስተካከልሽ፣ ማንንም ሳታስቸግሪ ገባሽ። እዚያ ላይ ጥንቁቅ መሆን ማለት ጠንከር አድርጎ መርገጥ ነው።»

መፍቱሃ «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ፈታኟን አመሰገነች፣ ናታሊን አቀፈች፣ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ሁለተኛው ሐሳብ መጣና ደስታዋን ቁርጥ አደረገው። ፈረጅ ይሄን ከሰማ ዕድሜ ልኳን አለቀላት! «እዚያ ላይ ጠንከር አድርጎ መርገጥ ነው» የምትለዋን፣ «እዚያ ላይ»ን ጥሎ፣ ለኦስሎ ሕዝብ በሙሉ ያነባታል። ጋሽ ሹዓይብን ከአልጋ ያስነሳቸዋል። ለልጅ ልጆቿ ይነግርባታል። አልነግረውም አለች። ማለፌን እነግረዋለሁ፣ ይቺ ግን ከእኔ ጋር ትቀበራለች።

ከበሩ ስትወጣ፣ እንዳይመጣ የተባለው ሰውዬ መኪና ማቆሚያው ጥግ ቆሟል። እጁ ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዟል።

«አትንገሪኝ» አላት፣ መዳፉን ዘርግቶ። «ውጤቱን ገና አትንገሪኝ። መጀመሪያ ይሄን አንብቢ። ለአለቃሽ ነው። ወድቀሽ ከሆነ አሁኑኑ እወስደዋለሁ።»

መፍቱሃ ሌላ ይግባኝ መስሏት ደሟ ፈላ። ወረቀቱን ነጥቃ ገለጠችው። በኖርዌይኛ ነው፤ አጭር ነው።

«ባለቤቴ ዛሬ ካላለፈች ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የእኔ ነው። እሷ ጠንቃቃ ነበረች። በኃይል ተነሺ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሕግ ማለት ቁጥሩ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ቫይትቬት ያሉትን አዛውንት ያስፈራሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። እባክዎን አንድ ወር ይጠብቋት። ከእሷ የተሻለ ሠራተኛ አያገኙም። ፈረጅ፣ የታክሲ ነጂ። (በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ቅጣት የለብኝም።)»

«ሁዳ ናት ያረመችልኝ» አላት፣ ጫማውን እያየ። «ሦስት ቀን ፈጀብኝ።»

መፍቱሃ ቀና ብላ አየችው። ከግድግዳ ጋር ተከራክሮ የሚረታው ሰውዬ ትከሻው ወርዷል፣ ጆሮው ቀልቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው ሲል በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ቀን ሰምታው አታውቅም። እንዲህ ሲል ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝታለች፣ ስንት ጊዜ ተስላለች። አሁን ሲላት ግን አልወደደችውም። የሌላ ሰው ባል መሰላት።

«አልፌያለሁ» አለችው።

«አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በቀስታ ራሱን ነቀነቀ። «አየሽ? ተረጋግተሽ ነድተሽ ነው። ጋሽ ሹዓይብ እውነታቸውን ነው። እኔ ነኝ እንጂ የማልረባው…» ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ በአራት አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ማንም አይፈርድባትም። ሰላም በቤቷ ነበር፣ እራት ያለ ፈትዋ፣ እንቁላል ሳይሰበር። ሁሉም ነገር እጇ ላይ ነበር።

«ረግጬው ነው ያለፍኩት» አለች።

ፈረጅ ዞረ።

«ፈጣኑ መንገድ መግቢያ ላይ። ከባድ መኪና መጣብኝ። አንተ እንዳልከው ረገጥኩት። ፈታኟ ልክ ነሽ አለችኝ።»

የፈረጅ ትከሻ ከወደቀበት ተነሳ። ዓይኑ በራ፣ ደረቱ ሞላ። መፍቱሃ «በቃ፣ እኔው ነኝ በገዛ እጄ ያመጣሁት» እያለች ቁልፉን ተቀበለችውና መሪው ጋ ተቀመጠች።

«እስኪ ከመግቢያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አላት፣ ቀበቶውን እያሰረ።

ነገረችው። ትሮስተሩድ እስኪደርሱ ሦስት ጊዜ አስነገራት። በሦስተኛው ላይ ከባዱን መኪና ራሷ ሁለት ተሳቢ ቀጠለችበት።